ስታይሪን ላይ አሲድ ማስገባት፦ በአክሪሊክ አሲድ፣ በማሌይክ አንሃይድራይድ ወይስ በሌላ መንገድ?

ሙሙት

ሰላም ለቤቱ። ለፒግመንት መበተኛ የሚሆን፣ በአሞኒያ ውሃ የሚሟሟ የስታይሪን ኮፖሊመር (ከሁለት ዓይነት ሞኖመር የተሠራ ፖሊመር) ያስፈልጋል። ፎርሙላው ይሄ ነው፦ ስታይሪን 80 ግራም፣ አክሪሊክ አሲድ 20 ግራም፣ ቶሉይን 150 ግራም፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 1 ግራም። ሁሉም በአንዴ ፍላስክ ውስጥ ገብቶ ለ5 ሰዓት ሪፍላክስ ይደረጋል (እየፈላ ትነቱ በኮንደንሰር ወደ ፍላስኩ ይመለሳል)። የሚወጣው ሬዚን ደመናማ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ይሟሟል፣ የቀረው ነጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። የሟሟው ክፍል ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ይወፍራል። የቱ ጋ ነው ችግሩ? «ማሌይክ ይሻልሃል» የሚሉም አሉ።

አራት_ኪሎ_ኬሚ

ችግሩ «ሁሉም በአንዴ» ያልከው ላይ ነው። አሲዱ የትም አልጠፋም፣ በሰንሰለቶቹ መካከል እኩል አልተከፋፈለም እንጂ።

ስታይሪንም አክሪሊክ አሲድም ከራሳቸው ዓይነት ይልቅ ከሌላው ጋር መያያዝ ይቀናቸዋል። የሪአክቲቪቲ ሬሾው (ሞኖመሩ ከራሱ ዓይነት ጋር የመያያዝ ፍጥነቱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር) እንደ አሟሚው ይለዋወጣል፤ ለሂሳቡ ያህል ግን ስታይሪን 0.25፣ አክሪሊክ አሲድ 0.05 ብለህ ያዝ። በክብደት 20% ያልከው አሲድ በሞል 26.5% ነው (የአሲዱ ሞለኪዩል ክብደት 72.06፣ የስታይሪኑ 104.15)። ይህን በኮፖሊመር ቀመሩ ብታሰላው መጀመሪያ የሚሠሩት ሰንሰለቶች 37.6 ሞል%፣ በክብደት ደግሞ 29% ገደማ አሲድ ይይዛሉ። ስለዚህ አሲዱ ቀድሞ ያልቃል። ወደ መጨረሻው የሚሠራው ከተራ ፖሊስታይሪን ብዙም አይለይም። ሁለቱ አብረው ስለማይዋሃዱ ደመናውን ታያለህ፤ አሞኒያ ውስጥ አልሟሟ ያለህም ይኸው የመጨረሻው ክፍል ነው። ቅንብሩ ሳይንሸራተት የሚዘልቀው ስታይሪኑ 56 ሞል% አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለመበተኛ አሲዱ ይበዛበታል።

ቶሉይኑም የራሱን ጣጣ ያመጣል። አሲድ የበዛባቸው ሰንሰለቶች ቶሉይን ውስጥ ስለማይሟሙ ተነጥለው ያብጣሉ። እዚያ እብጠት ውስጥ ያለ ራዲካል (ገና የሚያድግ የሰንሰለት ጫፍ) ከሌላ ራዲካል ጋር ቶሎ ተገናኝቶ አይከስምም፤ ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ይረዝማል። የሟሟው ክፍል የወፈረብህ በዚህ ነው።

መፍትሔው ሞኖመሩን ጠብታ በጠብታ መመገብ ነው። ከሚገባው ሞኖመር አብዛኛው ወዲያው የሚያልቅ ከሆነ የሬሾው ልዩነት ትርጉም ያጣል፤ የምትመግበው ቅንብር የፖሊመሩ ቅንብር ይሆናል።

500 ሚሊ ሊትር ባለ አራት አፍ ፍላስክ፣ ማማሰያ፣ ኮንደንሰር፣ ቴርሞሜትርና ማንጠባጠቢያ ፈንል አዘጋጅ። 1-ሜቶክሲ-2-ፕሮፓኖል 150 ግራም ጨምረህ 30 ደቂቃ ናይትሮጅን አንፋበትና 90 ዲግሪ አድርሰው። ስታይሪን 80፣ አክሪሊክ አሲድ 20፣ ኤአይቢኤን (ምላሹን የሚያስነሳው ኢኒሼተር) 3 እና ዶዴሲል መርካፕታን (ሰንሰለቱን የሚያሳጥረው) 1 ግራም በቀዝቃዛው ቀላቅለህ በ3 ሰዓት እኩል ፍሰት አንጠባጥብ። ኤአይቢኤን የገባበትን ድብልቅ ለነገ ብለህ አታሳድር። ጠብታው ሲያልቅ 1 ሰዓት ያዘው፣ 0.5 ግራም ኤአይቢኤን በጥቂት አሟሚ ጨምር፣ ሌላ 1 ሰዓት ያዘው። 90 ዲግሪ ላይ ኤአይቢኤን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ስለሚያልቅ በዝግታ መመገቡ ከዚህም አንጻር ያስፈልጋል።

ስታይሪኑ ውስጥ ያለውን ቴርት-ቡቲል ካቴኮል (ሲቀመጥ ፖሊመር እንዳይሆን የሚጠብቀውን) በ10% ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ጊዜ አጥበህ፣ በውሃ አለቅልቀህ፣ በማግኒዥየም ሰልፌት አድርቀህ ታወጣዋለህ። አክሪሊክ አሲዱን ግን በዚህ መንገድ እንዳትነካው። በቤዝ ካጠብከው አሲዱ ራሱ ጨው ሆኖ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ቤዛማ አሉሚና ላይ ብታሳልፈውም እዚያው ይቀራል። ውስጡ ያለው 200 ፒፒኤም ገደማ ሜቶክሲፌኖል (የአሲዱ ጠባቂ) በዚህ የኤአይቢኤን መጠን ምንም አያደርግህም።

ሙሙት

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ከአሟሚው ውስጥ እንዴት ነው የሚወጣው? አዲስ አበባ ላይ ሪፍላክስ ዝቅ ይላል የሚባለውስ እዚህ ለውጥ ያመጣል?

አራት_ኪሎ_ኬሚ

ከአሟሚው ለማውጣት፣ በክብደት 10 እጥፍ ወደሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ በቀጭኑ እያማሰልክ አፍስሰው። ውሃውን በጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 3 አድርገው። በዚያ ፒኤች ሬዚኑ አይሟሟም፤ ያልተሳተፈው አክሪሊክ አሲድና አሲድ የበዛባቸው አጫጭር ሰንሰለቶች ግን ከውሃው ጋር ይወጣሉ። አጣርተህ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠበው፣ 50–60 ዲግሪ ላይ በቫኩም አድርቀው። ቶሎ ይድረቅልኝ ብለህ ከ150 በላይ አትውጣ፤ ጎረቤታም አሲዶች ውሃ እየለቀቁ አንሃይድራይድ ይሆናሉ፣ በሰንሰለቶች መካከል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የማይሟሟ ይሆናል።

ስለ ከፍታው፣ አዎ ለውጥ አለው። እዚህ የአየር ግፊቱ 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ቶሉይን በባሕር ወለል 110.6 ላይ ይፈላል፣ እዚህ 101 ገደማ። ውሃ 92–93። «ሪፍላክስ አድርግ» ብቻ የሚል ፎርሙላ ስታገኝ የተጻፈበትን ሙቀት ራስህ አስላው፤ 9 ዲግሪ የኢኒሼተሩን ፍጥነት በሦስት እጥፍ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ከላይ ያልኩት 90 ግን ከሜቶክሲፕሮፓኖል መፍያ በታች ስለሆነ የትም ቦታ ያው ነው።

ታይትሬተር

አሲዱን ሳትለካ «ሠራ» አትበል። 20% አክሪሊክ አሲድ በሙሉ ከገባ አሲድ ቁጥሩ 156 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በግራም ይሆናል (0.20 ሲካፈል ለ72.06፣ ሲባዛ በ56,100)። 0.5 ግራም ደረቅ ሬዚን በ50 ሚሊ ሊትር ቴትራሃይድሮፉራን አሟሙ፣ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምር፣ በ0.1 ሞላር የአልኮል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በፌኖልፍታሊን ታይትሬት አድርግ። 13.9 ሚሊ ሊትር አካባቢ መጠጣት አለበት። ውሃው የሚጨመረው ጨው የሆነው ፖሊመር መሃል ላይ እንዳይዘቅጥ ነው። ከዘቀጠ ቀለሙ ቶሎ ይቀየርና ቁጥሩ ዝቅ ይልብሃል። ባዶ አሟሚውንም ለብቻው ለካና ቀንስ።

156 ጠብቀህ 170 ካገኘህ ደስ አይበልህ፣ ሳይታጠብ የቀረ ሞኖመር ነው። 120 ከሆነ ግን አሲዱ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ሄዷል ማለት ነው፤ የውሃውንም ፖሊመር አድርቀህ መዝነው።

ሬዚን_ቤት

ማሌይክ አንሃይድራይድ ይሻላል ላሉት፦ የሚሻልበት ቦታ አለ፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ስታይሪንና ማሌይክ አንሃይድራይድ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ነው የሚያያዙት፤ ማሌይኩ ከራሱ ጋር መያያዝ ስለማይወድ። 1 ለ 1 ካስገባህ ቅንብሩ የትም አይንሸራተትም። በአንዴ መጨመር የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ቶሉይንም እዚህ ጥሩ ነው፤ ሞኖመሮቹን ያሟሟል፣ ፖሊመሩን ግን እንደ ነጭ ዱቄት ይጥለዋል።

ስታይሪን 10.4 ግራም፣ ማሌይክ አንሃይድራይድ 9.8 ግራም፣ ቶሉይን 200 ሚሊ ሊትር፣ ኤአይቢኤን 0.15 ግራም፤ ናይትሮጅን አንፍተህ 80 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ ስለዚህ ማግኔት ሳይሆን የሞተር ማማሰያ ተጠቀም። ትኩሱን አጣርተህ በሙቅ ቶሉይን እጠብ፣ በቫኩም 60 ላይ አድርቅ። ቶሉይን 200 የበዛ ይመስላል፤ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ብታወርደው ግን ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅትሃል፣ ዱቄቱም ወደ ጓልነት ይቀየራል።

ብዙ ሰው የሚያጣው ማሌይኩ ራሱ ላይ ነው። ጣሳው ተከፍቶ የቆየ ማሌይክ አንሃይድራይድ እርጥበት ጠጥቶ ከፊሉ ማሌይክ አሲድ ሆኗል። ንጹሁ 53 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ አሲዱ ከ130 በላይ ነው። ጥቂቱን በሞቀ ቶሉይን ሞክረው፦ ሁሉም ከሟሟ ደህና ነው፣ ከታች ነጭ አሸዋ ከቀረ እሱ አሲዱ ነውና አጣርተህ የቀረውን መጠን አስተካክል። ዱቄቱን አትሽተት፣ የመተንፈሻ አለርጂ ያስይዛል።

ወደ አሲድ ለመቀየር 20 ግራሙን በ180 ሚሊ ሊትር ውሃ በትነህ፣ 8 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረህ፣ 85 ዲግሪ ላይ ጥርት እስኪል አቆየው። ጥርት ለማለት ሰዓታት ይወስዳል። ዱቄቱ በደንብ ካልተፈጨ ላዩ ጄል ይለብስና ውስጡ ሳይነካ ይቀራል።

ታይትሬተር

ሬዚን_ቤት ያሉት ላይ ስለ ልኬቱ ልጨምር። ሙሉ በሙሉ ሃይድሮላይዝ የሆነው 1 ለ 1 ኮፖሊመር አሲድ ቁጥሩ 510 ገደማ ነው (በአንድ ክፍል ሁለት አሲድ፣ ክብደቱ 220.2)። ብዙ ሰው ግን ግማሹን አግኝቶ «ፖሊመሩ አልሠራም» ይላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አንሃይድራይዱን በቀጥታ በሜታኖል ወይም በአልኮል ቤዝ ከለካኸው ግማሹ ኤስተር ሆኖ አንድ አሲድ ብቻ ነው የሚቆጠርልህ። ሁለተኛው፣ ሃይድሮላይዝ ሆኖም ቢሆን የመጀመሪያው አሲድ ከተነካ በኋላ ጎረቤቱ ፕሮቶኑን አጥብቆ ይይዛል፣ ፌኖልፍታሊን ሲቀላ ሁለተኛው ገና አላለቀም። ሶዲየም ክሎራይድ ጨምረህ በፒኤች ሜትር ኩርባውን ሥራ፣ ወይም ትርፍ ቤዝ ሰጥተህ ወደኋላ ታይትሬት አድርግ።

ባለላቴክስ

ሁላችሁም አሟሚ ውስጥ ናችሁ። ለፕላስቲክ ቀለም ማያያዣ ከሆነ የሚፈለገው ኢመልሽን (ፖሊመሩ በውሃ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ቅንጣት የሚሠራበት፣ ላቴክስ) ነው፤ የአሲዱ ነገር እዚያ ፈጽሞ ሌላ መልክ አለው። 2% አሲድ ይበቃል። ጥያቄው ግን አሲዱ የት ተቀመጠ ነው፦ በቅንጣቱ ውስጥ፣ በገጹ ላይ፣ ወይስ በውሃው ውስጥ? ሜታክሪሊክ አሲድ ዘይት ስለሚወድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አክሪሊክ አሲድ ገጹና ውሃው ላይ ይቀራል። ለላቴክስ መረጋጋት ገጹ ላይ ያለው ነው የሚጠቅመው፤ ውሃው ውስጥ የቀረው ማወፈርና ፊልሙን ውሃ ማስጠጣት ብቻ ነው ሥራው።

ለ1 ኪሎ፣ 45% ጠጣር፣ 2 ሊትር ፍላስክ ላይ፦ ፍላስኩ ውስጥ ዲአዮናይዝድ ውሃ 250 ግራም፣ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት 0.5፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 0.9 ግራም። ለፕሪኢመልሽኑ ውሃ 200፣ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት 4፣ ስታይሪን 247.5፣ ቡቲል አክሪሌት 193.5፣ አክሪሊክ አሲድ 9 ግራም። በፎክስ ቀመር ቲጂው (ፖሊመሩ ከጠንካራ ወደ ለስላሳ የሚለወጥበት ሙቀት) 13 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። 80 ዲግሪ ላይ ከፕሪኢመልሽኑ 30 ግራም አስገባ፣ 0.75 ግራም አሞኒየም ፐርሰልፌት በ20 ግራም ውሃ ጨምር። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊ ፍካት ካየህ ቀጥል፤ ካላየህ አትመግብ፣ ኦክስጅን አለ ማለት ነውና ናይትሮጅኑን ፈትሽ። ከዚያ የቀረውን በ3 ሰዓት ተኩል፣ ጎን ለጎን 1.5 ግራም ፐርሰልፌት በ60 ግራም ውሃ መግብ። 1 ሰዓት ያዝ። 65 ላይ ሲወርድ በቀሪው 20 ግራም ውሃ ለየብቻ የሟሙ ቴርት-ቡቲል ሃይድሮፐርኦክሳይድ 0.5 እና አስኮርቢክ አሲድ 0.4 ግራም በግማሽ ሰዓት አንጠባጥብ፤ የቀረውን ሞኖመር ይበላል። ከ40 በታች ሲሆን በ5% አሞኒያ ወደ ፒኤች 8 አምጣና አጣራ።

ጀማሪ_ቀለም

ባይካርቦኔቱን ለምን አናበዛውም? ፐርሰልፌት ፒኤቹን ስለሚያወርደው ጥሩ አይሆንም? ደግሞ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ከጠፋ በልብስ ሳሙና ይሠራል የሚል አንብቤያለሁ።

ባለላቴክስ

0.9 ግራም ባይካርቦኔት 10.7 ሚሊሞል ነው፣ 9 ግራም አክሪሊክ አሲድ ደግሞ 125 ሚሊሞል። ስለዚህ አሁንም ከአሲዱ 9% ያህሉን ነው ጨው የሚያደርገው። 5 ግራም ብታስገባ ግን ግማሽ ያህሉ ጨው ይሆናል፤ ጨው የሆነ አክሪሊክ አሲድ ከውሃ አይወጣም፣ እዚያው ፖሊአክሪሌት ይሆናል። ላቴክሱ ይወፍራል፣ ፊልሙም ዝናብ ሲነካው ይነጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አረፋ ያነሳብሃል። ፒኤቹ ወደ 3 ቢወርድ ይውረድ፣ አሲዱ ወደ ቅንጣቱ እንዲሄድ የምንፈልገውም ይሄንኑ ነው።

ሳሙናው አይሆንም። የልብስ ሳሙና የቅባት አሲድ ጨው ነው፤ አክሪሊክ አሲድ ሲገባ ፕሮቶን ይቀበልና ሳሙናነቱን ያጣል፣ ኢመልሽኑ እንደ እርጎ ይረጋል። ሰልፌቱ ግን በፒኤች 3ም ይሠራል። የቧንቧ ውሃም አትጠቀም፣ ካልሲየሙ ካርቦክሲሉን ያስርና ጥቃቅን ጓል ማጣሪያው ላይ ታገኛለህ። አሞኒያውን ሳታቀጥን በትኩሱ ማፍሰስም ውጤቱ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከውጭ የመጣ ፎርሙላ 88 ላይ አድርግ ሊልህ ይችላል። ስታይሪንና ውሃ አብረው በባሕር ወለል 94 ገደማ ይፈላሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 86–87። ሞኖመሩ ኮንደንሰር ውስጥ ሲዞር ይውላል። 80 ላይ ቆይ።

ደረቅ_በረዶ

ቅንብርም ርዝመትም ልክ መሆን ካለበት ሌላ መንገድ አለ፦ ቴርት-ቡቲል አክሪሌት አስገብቶ በኋላ የቴርት-ቡቲል ቡድኑን መንቀል። በመዳብ የሚሠራው ኤቲአርፒ (የሰንሰለቱን ርዝመት የሚቆጣጠር የፖሊመር አሠራር) ነጻ አሲድን አይወድም፣ አሲዱ ሊጋንዱን (መዳቡን የሚይዘውን ሞለኪዩል) ፕሮቶን ይሰጠዋል፤ ስለዚህ መሸፈን ግድ ነው። ራፍት (ሌላው የዚሁ ዓይነት አሠራር) በትራይታዮካርቦኔት ከሆነ ግን አክሪሊክ አሲድን በቀጥታ ይቀበላል፣ ይህን ሁሉ መድከም ላያስፈልግህ ይችላል።

ለመንቀል በ1 ግራም ፖሊመር 10 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን፣ ለአንድ ኤስተር 5 ሞል ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ፣ በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት። አይሶቡቲሊን ጋዝ ስለሚወጣ ፍላስኩን አትድፈን። የቴርት-ቡቲል አክሪሌቱ ክፍል 43.8% ክብደቱን ያጣል፣ ምርቱ አነሰ ብለህ እንዳትደነግጥ። በኢንፍራሬድ 1368 እና 1392 ላይ ያሉት ጥንድ ጫፎች መጥፋት አለባቸው። ለቀለም ይሄ ዋጋው አይቀመስም፣ ለምርምር ነው።

ኤክስትሩደር

ኤቲሊን ላይ አሲድ ስለማስገባትም ቢነሳ አይከፋም። የጁስና የወተት ካርቶን አሉሚኒየሙን ከፕላስቲኩ የሚያጣብቀው የኤቲሊንና የአክሪሊክ ወይም የሜታክሪሊክ አሲድ ኮፖሊመር ነው። ላብ ውስጥ አይሠራም፤ ከ1,000 አትሞስፌር በላይ ግፊት ነው፣ በዚግለር ካታሊስትም አይሆንም፣ አሲዱ ይመርዘዋል። አሲዱ ከኤቲሊን እጅግ ስለሚፈጥን በደንብ የሚማሰል ኦቶክሌቭ ውስጥ ያለማቋረጥ ይመገባል፤ ከላይ አራት_ኪሎ_ኬሚ ያለው የጠብታ ሐሳብ በፋብሪካ መጠን ማለት ነው። ዱፖንት ያወጣው ሰርሊን የሚባለው ፕላስቲክም ያንኑ በሶዲየም ወይም በዚንክ በከፊል ጨው በማድረግ የተሠራ ነው፤ የጎልፍ ኳስ ልባስ ይሆናል።

ኤክስትሩደር ያለው ሰው ማሌይክ አንሃይድራይድ በፐርኦክሳይድ ፖሊኤቲሊን ላይ መትከል ይችላል። ፐርኦክሳይዱ ከበዛ ፖሊኤቲሊን ጄል ይሠራል፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ በተቃራኒው ይቆራረጥና እንደ ውሃ ይፈሳል።

ሙሙት

አክሪሊክ አሲዱ መጋዘን ውስጥ ጀሪካኑ ግማሹ በረዶ ሆኗል። የላዩን ፈሳሽ ቀድቶ መጠቀም ይቻላል?

አራት_ኪሎ_ኬሚ

አይቻልም፣ ይሄን በጣም ልብ በል። አክሪሊክ አሲድ 13 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያልሞቀ መጋዘን ከዚያ በታች ይወርዳል። ሲረጋ ክሪስታሉ ንጹሕ አሲድ ነው፣ ሜቶክሲፌኖሉ ፈሳሹ ውስጥ ይከማቻል። ፈሳሹን ከቀዳህ የቀረው ጠባቂ የሌለው አሲድ ነው። በማሞቂያ ቀበቶ፣ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውሃ ብታቀልጠው በአንድ በኩል ፖሊመራይዝ ይጀምርና ራሱን በራሱ እያሞቀ ጀሪካኑን ሊያፈነዳው ይችላል።

ክዳኑን ላላ አድርገህ 20–25 ዲግሪ ባለው ክፍል አስቀምጠው፣ ወይም ከ35 ባልበለጠ የውሃ መታጠቢያ ውስጥ። ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ በየጊዜው በቀስታ አነቃንቀው፣ ጠባቂውም አየሩም እኩል እንዲዳረስ። ሜቶክሲፌኖል የሚሠራው ኦክስጅን ሲኖር ነው፤ ስለዚህ የተቀመጠ አሲድ ላይ ናይትሮጅን አታልብስ፣ ጀሪካኑንም እስከ አፉ አትሙላ። ናይትሮጅን የሚገባው ፍላስኩ ውስጥ ነው፣ መጋዘን አይደለም።

ሙሙት

ተረድቻለሁ። በጠብታ የሚሠራው ሬዚን ለ100 ግራም ስንት አሞኒያ ይፈልጋል?

ታይትሬተር

አሲድ ቁጥሩ 156 ከሆነ 0.278 ሞል ነው፤ በ25% አሞኒያ 19 ግራም ለሙሉው። በ85% ጀምር፣ 16 ግራም። ሬዚኑን መጀመሪያ በ280 ግራም ውሃ በትነው፣ 50 ዲግሪ ላይ አሞኒያውን ክዳን ባለው ዕቃ ቀስ ብለህ ጨምር፤ ከዚያ በላይ ብታሞቀው አሞኒያው ይተናል፣ ሬዚኑም ተመልሶ ይረጋል። ፒኤች 8.5 ደርሶም ነጭ ከቀረ አሞኒያ አትጨምርበት፤ አሲድ ያላገኘው ሰንሰለት ስለሆነ ወደ ጠብታው ፍጥነት ተመለስ።